ቆይ፣ አባትህ ይምጣ

ድሬዳዋ ውስጥ ይህችን ማስፈራሪያ ሳይሰማ ያደገ ልጅ አለ ብዬ አላምንም። ከዚራ ይወለድ መጋላ፣ ሳቢያን ይደግ ገንደ ቆሬ፣ እናት ከጠዋት ጀምራ ስትጮህ ውላ ጉሮሮዋ ሲደርቅ በመጨረሻ የምትናገረው ይህንኑ ነው። በአማርኛም ይባል በኦሮምኛ፣ በሶማልኛም ይባል በሐረሪ፣ ልጁ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ እኔ አቅቶኛል፣ የማያቅተው ሰው ግን እየመጣ ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ አባት የሚመጣው ከሩቅ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 15 ዓመት ፈጅቷል፤ በእነዚያ ዓመታት መስመሩ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ከተማችን ሠራተኛውን ትሸኛለች፣ ትቀበላለች። ነጂው፣ ኮንትሮለሩ፣ ሐዲድ ጠጋኙ፣ ጭነት አስተናጋጁ ሁሉ መንገደኛ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡትም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ነጋዴው ድንበር ላይ ነው፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፣ አንዱ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፣ ሌላው ሳዑዲ ሄዷል። ለብዙዎቻችን አባት ማለት የሚጠበቅ ሰው ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ኮንትሮለር ነበር። እኔ ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ በደወሌ መስመር ወደ ጅቡቲ ከባድ መኪና ያሽከረክራል፤ ልጃችን ሦስት ዓመቱ ነው። አባትን መጠበቅ በልጅነቴም አውቀዋለሁ፣ በሚስትነቴም አውቀዋለሁ። ለዚህም ይመስለኛል ሳይኮአናሊሲስ (ፍሮይድ የጀመረው፣ የሰውን ድብቅ ስሜትና የልጅነት ሕይወት የሚመረምረው ትምህርት) ስለ አባት የጻፈውን ሳነብ እንደ ትምህርት ብቻ ማንበብ የማይሆንልኝ። እያነበብኩ በሄድኩ ቁጥር እየጠነከረብኝ የመጣ እምነት አለ። አባት ልጅን የሚያሳድገው ቤት ውስጥ ባሳለፈው ሰዓት ብቻ አይደለም። እናት ስለ እሱ ስትናገር በምን መልክ ይነሳል? ሲመጣስ ያው ሰው ሆኖ ይገኛል? የልጁ ውስጥ ብዙው ነገር የሚሠራው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው።

የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ የ10 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ያዕቆብ አብረው በእግር ሲሄዱ አንድ ታሪክ ነገረው። በወጣትነቱ ዘመን፣ ቅዳሜ ቀን አምሮበት፣ አዲስ የፀጉር ባርኔጣ ደፍቶ ሲሄድ አንድ ክርስቲያን መጥቶ ባርኔጣውን ጭቃ ውስጥ ጣለበት፤ «አንተ አይሁዳዊ፣ ከእግረኛ መንገዱ ውረድ!» አለው። ልጁ «ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ጠየቀ። አባት በእርጋታ «ወረድኩና ባርኔጣዬን አነሳሁ» አለ። ለትንሹ ፍሮይድ ይህ የጀግና መልስ አልነበረም። ቅሬታው አብሮት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1896 አባቱ ሲሞት ፍሮይድ 40 ዓመቱ ነበር፤ ራሱን በጥልቀት መመርመር የጀመረው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። ሕልምን የተረጎመበትን ትልቅ መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሳትም በመግቢያው ላይ እንዳለው፣ መጽሐፉ ለአባቱ ሞት የሰጠው ምላሽ መሆኑን የተረዳው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነበር። የአባት ሞትንም በሰው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የከፋው ማጣት ብሎታል።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የባቡር ሰፈር ልጆች ትዝ ይሉኛል። እኛም የአባቶቻችን ባርኔጣ ሲወድቅ አይተናል። የድሮው ባቡር አገልግሎት እየተዳከመ፣ እየተቆራረጠ መጥቶ ሲቆም፣ ዕድሜ ልካቸውን ለገሃርን፣ ባቡር ጣቢያችንን፣ እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ሰዎች ዩኒፎርማቸውን አጥፈው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡ። አባባ ቤት ዋለ። ድሮ የፉጨቱ ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ» የሚልለት ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት አጣ። እናቴ ታናናሾቼን በእሱ መምጣት ማስፈራራት ተወች፤ ሳሎን ተቀምጧልና። ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ሰው ደግሞ ሲጠብቁት ከኖሩት ሰው በጣም ያንሳል። ይደክመዋል፣ ስለ ጡረታ ይጨነቃል፣ የአስቤዛ ሒሳብ ይከራከራል።

ሄንዝ ኮኸት የሚባል በቪየና ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሳይኮአናሊስት ስለዚህ የጻፈው ብዙ አሳስቦኛል። እንደ እሱ አስተሳሰብ ልጅ መጀመሪያ አባቱን (ወይም እናቱን) ትልቅ፣ ሁሉን ቻይ አድርጎ የማየት ዕድል ማግኘት አለበት። ከዚያ ያ ትልቅነት ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ዛሬ አባቴ ይህን እንደማያውቅ አየሁ፤ በሌላ ቀን እንደሚፈራ አየሁ። በእያንዳንዷ ትንሽ ቅሬታ ልጁ ከአባቱ ላይ የወሰደውን ጥንካሬ ወደ ራሱ ያዛውራል። አደጋው ትልቅነቱ በአንድ ጊዜ ሲናድ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይታይ ሲቀር ነው። ሩቅ የሚኖር አባት በትክክል እዚህ ላይ ይቸገራል። በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ የመቀነስ ዕድል የለውም። ሲጠበቅ ግዙፍ ነው፣ ሲገኝ አንድ ጊዜ ያንሳል። በዕድሜ ከኔ የሚበልጡ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ስለ አባቶቻቸው ሲናገሩ ወይ በታላቅ ኩራት ወይ በታላቅ ቁጣ የሚናገሩት፣ መካከለኛውን ያጡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፍሮይድ በግሪኩ ተረት ሰው በኤዲፐስ ስም ስለጠራው የልጅና የአባት ፉክክር ብዙ ስለተወራ እዚህ ብዙ አልቆይም። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ እናቱን ለብቻው ይፈልጋል፤ አባት እንደ ተቀናቃኝ ይታየዋል፤ ይጠላዋል፣ ይወደዋል፣ ይፈራዋል። በመጨረሻ ምኞቱን ይተውና የአባቱን ሕግ ወደ ውስጡ ያስገባል፤ ህሊና የምንለው ከዚያ ይጀምራል። የፍሮይድ መሠረታዊ ሐሳብ ይህ ነው። ሰው የሚዘነጋው ግን ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን ለማስረዳት ያቀረበው ታሪክ ውስጥ ያለው አባት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ነው። ፍሮይድ ትንሹ ሃንስ ብሎ የጠራው ልጅ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ መንገድ መውጣት ፈራ። በዚያ ዘመን ቪየና በጋሪ የተሞላች ከተማ ነበረች፤ ፈረስ መፍራት ማለት ከቤት አለመውጣት ማለት ነው። ፍሮይድ በዚያ ሕክምና ልጁን በአካል ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥራውን የሠራው አባትየው ነበር። ልጁን ቁጭ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ያዳምጠዋል፣ የተባባሉትን ይጽፋል፣ ለፍሮይድ ይልካል። ልጁ የሚወደውን አባቱን መጥላት ስለከበደው ፍርሃቱን ወደ ፈረስ አዞረው ብሎ ፍሮይድ ደመደመ። ለእኔ ግን ከትንታኔው የሚበልጥብኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ «አንተን እፈራሃለሁ፣ እንድትሄድልኝም እፈልጋለሁ» የሚል ሐሳብ ለራሱ ለአባቱ መናገር ችሏል፤ አባትየውም ሰምቶ አልቀጣውም፣ ጥሎትም አልሄደም። ሃንስ ድኖ፣ አድጎ፣ የኦፔራ አዘጋጅ ሆኗል።

እኛ ጋ ያለው ልጅ ይህን ለማን ይናገራል? አባቱ ገና ሳይደርስ ዱላ ሆኖ ቤት ገብቷል። ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች መካከል የጥበቃውን ሠራተኛ የሚፈሩ፣ ውሻ የሚፈሩ፣ የከባድ መኪና ጥሩንባ ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ። ሁሉም ከአባት የመጣ ነው አልልም፤ እንዲህ ብሎ መደምደም ስንፍና ነው። ግን ስለ አባታቸው ስጠይቃቸው ብዙዎቹ የሚነግሩኝ መቼ እንደሚመጣና ሲመጣ ምን እንደሚነገረው ነው። የሚወደው ምግብ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ዝም ይላሉ።

ከፍሮይድ በኋላ የመጡት ሰዎች አባትን ከዚያ ቀደም ብለው ማየት ጀመሩ። ሃንጋሪ ተወልዳ ኒውዮርክ የሠራችው ማርጋሬት ማህለር፣ ከእሷ ጋር የሠራው ኧርንስት አቤሊንም፣ ገና መሄድ የጀመሩ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ከአንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ጀምሮ ልጅ የሚገባበት ጭንቅ አለ። ከእናቱ መለየት ይፈልጋል፣ ሲለይ ደግሞ ይደነግጣል። ሮጦ ይሄዳል፣ ሮጦ ይመለሳል፣ ሲመለስ እናቱን ይገፋታል። እናት በዚያ ሰዓት የሚፈልጋትም የሚያመልጣትም ሰው ናት። አቤሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ለአባት የሰጠው ቦታ እዚህ ነው። አባት በዚያ ትግል ውስጥ ያልገባ፣ ግን የታወቀና የተወደደ ሁለተኛ ሰው ነው። ልጁ ከእናቱ ሲርቅ ወደ ባዶ አይሄድም፤ ወደ ሰው ይሄዳል።

ድሬ ለሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት ደቻቱን፣ ከተማችንን የሚከፍለውን በበጋ ደረቅ የሆነ ወንዝ፣ ማሰብ ይበቃል። ከዚራና መጋላ ያሉት በደቻቱ ወዲህና ወዲያ ነው። ዝናብ ከሌለ አሸዋው ላይ በእግር ታልፋለህ፤ ስታልፍ የማትፈራው ወዲያ ማዶ ገበያ፣ ሰው፣ ቡና እንዳለ ስለምታውቅ ነው። ማዶው ባዶ ሜዳ ቢሆን ማን ይሻገራል? አባት ለሕፃን ማዶ ነው። እናት ደግሞ ማዶውን ከወዲህ ሆና በጣቷ የምታሳይ ናት፤ «እዚያ ጅብ አለ» ካለችው ልጁ አይሻገርም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የምወደው እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቢቢሲ ራዲዮ ለወላጆች ይናገር ነበር፤ አንዱ ንግግሩ ስለ አባት ነው። ንግግሩ ከባድ ቃል የለበትም። አባት የሚያስፈልገው በመጀመሪያ እናት በሰውነቷ ጤና፣ በመንፈሷ ደስተኛ እንድትሆን ለመርዳት ነው ይላል። ከዚያ፣ ልጅ ሁለት ወላጅ ሲኖረው አንዱን ሲጠላ ሌላው የሚወደድ ሆኖ ይቆይለታል፤ ይህ ራሱ ያረጋጋዋል። እናት ብቻዋን ሁሉንም መሆን ካለባት፣ ያዘነችውም የተቆጣችውም አንድ ሰው ከሆነች፣ ልጁ የሚሸሽበት የለውም። በዚህ በኩል ካየነው የእናቶቻችን ማስፈራሪያ ውስጥም እውነት አለ። ብቻዬን አይደለሁም፣ ከኔ ሌላ ሕግ አለ ማለቷ ነው። ልጅ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። የሚጎዳው ያ ሌላ ሰው ለቅጣት ብቻ ሲጠራ ነው።

ዊኒኮት አንድ ሌላ ነገር ተናግሯል፤ እኔ ስሰማው እናቴን አስቤ ስቄያለሁ፣ ከዚያም አልቅሻለሁ። አባትና ልጅን አልፎ አልፎ ለብቻቸው ሽርሽር መላክ የእናት ኃላፊነት ነው ይላል። እናቴ ዊኒኮትን አታውቅም። ግን አባባ ዕረፍት ሲሆን ልብሴን አልብሳ፣ ፀጉሬን አበጥራ፣ «ይዘሃት ሂድ» ትለዋለች። ለገሃር ይዞኝ ይሄዳል። ቲኬት መብሻዋን በእጄ አስይዞ የተጣለ ወረቀት ላይ እበሳለሁ። ሠራተኞቹ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ፣ እያወቁኝ ነው የሚጠይቁኝ፣ እኔም እያወቅኩ በኩራት እመልሳለሁ። ከዚያ ለጓደኞቹ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ይላቸዋል፣ ይስቃሉ። የማይገባኝ ቋንቋ የሚናገር፣ ከእኛ ቤት ውጭ ሌላ ዓለም ያለው ሰው መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። ሥራ የሚባል ነገር እንዳለ፣ እኔም አንድ ቀን ልገባበት እንደምችል ያወቅኩት እዚያው ነው። ሳይኮአናሊሲስ ስለ ሴት ልጅና አባት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ስለ ፍቅርና ምኞት ብቻ ይጽፋል፤ ይህ ጠባብ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሴት ልጅ አባት ወደ ውጭው ዓለም የሚወስድ በር ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ጡት ማውጣት ስትጀምር በድንገት የሚርቋትና ለእናቷ ብቻ የሚተዋት አባቶችን ሳይ የማዝነው ለዚህ ነው። በጨዋነት የሚያደርጉት ይመስላቸዋል። እሷ ግን ምን አጥፍቼ ነው ብላ ትጠይቃለች፤ ቢሮዬ ውስጥ እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ልጅ ብቻ አይደለችም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። አባት ጨርሶ ከሌለስ?

ፈረንሳዊው ሳይኮአናሊስት ዣክ ላካን ለማንበብ አስቸጋሪ ሰው ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተማረው አንድ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። ለላካን የአባት ቦታ የሚከፈተው በእናት ንግግር ነው። ልጅ እናቱ ከሱ ሌላ የምታስበው፣ የምታከብረው፣ ቃሉን የምትጠቅሰው ነገር እንዳለ ሲረዳ የእሷ ሁሉ ነገር እሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ከዚያ ነፃ ይወጣል። አባት በአካል ቤት ውስጥ ተቀምጦ በእናት ንግግር ውስጥ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ሞቶም ሊኖረው ይችላል። ላካን ይህንን የአባት ስም ብሎ ጠራው። እኛ አገር ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የራሱ ስም ይጠየቃል፣ የአባቱ፣ የአያቱ፤ ሁላችንም አባታችንን በስማችን ተሸክመን እንሄዳለን። አባቱ የካደው ልጅ እንኳ በእናቱ አባት ስም ይመዘገባል፤ ቦታው ባዶ እንዲሆን ማንም አይፈቅድም። መዝገቡ ግን ሥራውን አይጨርስም። ያ ስም ቤት ውስጥ ሲነሳ እንዴት ነው የሚነሳው?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ባሏን ያጣች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ልጆቿን ያሳደገችው እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው። ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ የላትም፤ ፎቶውም ከቤቱ ጋር ሄዷል። ግን በቤቷ ውስጥ ሰውየው በየቀኑ ይጠራ ነበር። «አባታችሁ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አይወድም ነበር።» «አባታችሁ ቢሆን ይህን ሒሳብ በቃሉ ይሠራው ነበር።» «አባታችሁ ሲናደድ ዝም ይላል እንጂ አይሳደብም።» አልፎ አልፎም «እሱም በዚህ ነገር ሞኝ ነበር» ትላለች። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ጥበብ ነው፤ የሞተ አባት መልአክ ሆኖ ሲቀር ልጅ አይደርስበትም። የእሷ ልጆች ከሰው ጋር የሚኖሩ፣ ሕግ የሚያውቁ፣ የሚቀልዱ ሰዎች ሆነዋል። እንዲህ ያሉ ልጆችን «ሴት ያሳደገው» ብሎ የሚሰድብ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስድቡ ሴት ብቻዋን ሕግ ማቆም አትችልም ይላል። የዚች ሴት ቤት ግን ሕግ ነበረበት፤ እሷም ከሕጉ በላይ አልነበረችም።

እንዲህም ሆኖ፣ ማጣት አይጎዳም ብዬ ማለፍ አልችልም። አሜሪካዊው ሳይኮአናሊስት ጄምስ ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ አባቶቻቸው ከቤት የወጡባቸው፣ ከ18 እስከ 28 ወር የሆናቸው ወንዶች ልጆች ሌሊት እየጮኹ ይነቁ እንደነበር ጽፏል። ልጆቹ የሚጠሩት አባታቸውን ነው። ሄርዞግ ይህንን የአባት ረሃብ ብሎታል። ልጁ የሚፈራው የራሱን ኃይል፣ የራሱን ቁጣ ነው፤ ቁጣውን ይዞ፣ ታግሎ፣ አንስቶ ወደ ላይ ወርውሮ፣ ተቀብሎ የሚያበርድለት ሰው አጥቷል። አባቶች ልጅ ሲያጫውቱ ትንሽ ሻካራ ናቸው፤ እናቶች «ኧረ ታስደነግጠዋለህ!» ይላሉ። ያ ጨዋታ ግን ሥራ አለው። ልጁ እስከ ምን ድረስ መምታት እንደሚችል፣ የት ጋ ማቆም እንዳለበት የሚማረው ከሚያቅፈው ትልቅ ሰውነት ጋር ሲታገል ነው።

ከተማው ውስጥ እያለ የሌለ አባትም አለ፤ ስለ እሱ ሳልናገር ብቀር ራሴን አልወድም። ከምሳ በኋላ ድሬ በሙቀት ስትዘጋ ፍራሹ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይመጣል፣ ጓደኞች ይሰበሰባሉ። በርጫ የአገራችን ወግ ነው፤ ስንት ጥል የታረቀበት፣ ስንት ችግር የተመከረበት ነው፣ አላናንቀውም። ግን በሩ ላይ የቆመውን ልጅ ተመልከቱት። የአባቱን ምርጥ ጨዋታ፣ ምርጥ ሳቅ፣ ምርጥ ታሪክ ከበር ውጭ ሆኖ ነው የሚሰማው። አባት ለጓደኞቹ ልጅነቱን ይተርካል፤ ያ ታሪክ የልጁ ነበር። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ «ዝም በሉ» ይመጣል። ከ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ጅቡቲ ላይ መኪናውን አቁሞ ማታ ማታ ደውሎ «ዛሬ ግመል አየሁ፣ መንገዱን ዘግታብን» የሚለው አባት ከዚህኛው ይልቅ ለልጁ የቀረበ ነው እላለሁ።

ይህ ሁሉ ትምህርት የተጻፈው እናት፣ አባትና ልጅ ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ላይ ተመሥርቶ መሆኑን አልረሳሁም። የሕዝቦችን ባህል ያጠና የነበረው ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ገና እ.ኤ.አ. በ1927 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሉት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ልጅን የሚቆጣው የእናት ወንድም እንደሆነ፣ አባት ደግሞ የጨዋታ ጓደኛ እንደሆነ ጽፎ ፍሮይዳውያንን ተሟግቷል። እኛ ሰፈር ውስጥም አጎት ነበር፣ አያት ነበሩ፣ ማንንም ልጅ ጆሮውን ይዘው የሚመክሩ ጋሼዎች ነበሩ። የባቡር አባቶች ሲጓዙ የቀሩት አባቶች የሰፈሩን ልጅ በዓይናቸው ይጠብቁ ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ መቆጣት ነገር ያመጣል። ስለዚህ አንድ አባት ብቻውን የሚሸከመው ድሮ ብዙ ሰው ይካፈለው የነበረውን ነው።

በቤቴ ከሁሉ የሚከብደኝ የመምጫው ቀን ነው። ባለቤቴ ጨዉና አቧራው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ከበር ጀምሮ እጁን ዘርግቶ ይገባል። ልጃችን ቀሚሴ ሥር ይደበቃል። «ሂድ!» ይለዋል። ሲናፍቀው የሰነበተው ልጅ ነው እንዲህ የሚለው። በብዙ ቤት በዚህ ሰዓት የሚሆነውን አውቃለሁ። እናት ታፍራለች፣ «አባትህ እኮ ነው፣ ሳመው!» እያለች ትገፋዋለች፤ አባት ይከፋዋል፣ «አበላሽተሽዋል» ይላል፤ ቀጥሎ የሰነበተው የጥፋት ዝርዝር ይነበባል። ልጁ ግን እየከሰሰ ነው፦ የት ነበርክ? እየፈተነም ነው፦ ብጠላህ ትሄዳለህ? ትመታኛለህ? ዊኒኮት ደጋግሞ የጻፈው ይህንን ነው፤ ልጅ የጠላው ሰው ሳይበቀልም ሳይጠፋም ሲገኝ ያን ጊዜ እውነተኛ ሰው ይሆንለታል፣ ሊወደውም ይችላል። ባለቤቴ አሁን አይገፋውም። ይቀመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ከእኔ ጋር ያወራል። ልጁ ከቀሚሴ ጀርባ ሆኖ ያዳምጣል። መጀመሪያ የሚመጣው የመኪናውን ቁልፍ ለመንካት ነው፤ እናም ቁልፉ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አባቶችን ለይቼ ጠርቻለሁ፤ ጠዋት እንዲሆን ያደረግነውም እንዲመጡ ብለን ነው። የምጠይቃቸው ብዙ አይደለም። በገቡበት ምሽት ክስ አይስሙ፤ የልጁ ጥፋት ቢያድር አይብስበትም። በማግስቱ ልጁን ወይም ልጅቷን ለብቻ ይዘው ይውጡ፤ ቀፊራ ገበያ ድረስም ቢሆን፣ ጋራዥ ድረስም ቢሆን፣ ሥራቸውን ያሳዩ፣ ጓደኞቻቸውን ያስተዋውቁ። እናቶች ደግሞ አብረው እንዳይሄዱ እለምናለሁ። ቤት ይቅሩ፣ ይተኙ፣ ጎረቤት ሄደው ቡና ይጠጡ። አባትና ልጅ መንገድ ላይ ከተጣሉም እዚያው ይጣሉ፣ እዚያው ይታረቁ።